በዋሃካ ሸለቆ፤ ስለ ጢስ፣ ስለ በርበሬና ስለ አናናስ መጠጥ

የአንድን አገር ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚመኝ መንገደኛ ቤተ መንግሥቱንና ሐውልቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መጻሕፍቱን ሊጐበኝ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ነገር ግን የዚያ አገር ሰው እንግዳ ሲመጣበት በምን ዕቃ ምን ቀድቶ እንደሚያቀርብ ሳያይ የተመለሰ እንደ ኾነ፣ አገሩን ከደጅ አየ እንጂ ወደ እልፍኙ ገባ ለማለት አይቻልም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በሜክሲኮ ደቡብ ስላለችው ስለ ዋሃካና፣ በዚያ ለእንግዳ ስለሚቀርበው፣ ጢስ ጢስ ስለሚል፣ ምላስንም ቈንጠጥ ስለሚያደርግ የፍራፍሬ መጠጥ ለክቡራን አንባብያን ልናስረዳ አስበናል።

ፈረንጆች ኮክቴል የሚሉትን ቅልቅል መጠጥ ብዙ ሰው የምሽት ቤት ጨዋታ ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። በውነቱም በብዙ ስፍራ ከዚህ የተሻለ ቁም ነገር አይገኝበትም። የዋሃካው ብርጭቆ ግን የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ነገሮች በአንድነት ሰብስቦ ይዟል። አናናሱ ከተተከለ ጀምሮ ዓመት ተመንፈቅ ያህል የቈየ ነው። በርበሬው በአንድ ወራት የደረሰ ቢኾንም፣ ዘሩ በዚያ አገር ገበሬ እጅ ከገባ ብዙ ሺሕ ዓመት አልፎታል። ጢሱን የሚሰጠው ሜስካል የተባለው አረቄ ደግሞ ሰባትና ስምንት ዓመት በማሳ ላይ ከቆመ ተክል የሚወጣ ነው። ይህን ሁሉ አንድ እንግዳ በሩብ ሰዓት ይጠጣዋል። እንግዲህ ጋባዡ የሚቀዳውን፣ ተጋባዡም የሚጠጣውን ቢያውቅ መልካም ነው። ነገሩ ከጣዕም በላይ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ያለበት መኾኑንም ወደ ፊት እናሳያለን።

ሜክሲኮ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ስም አይደለም። በአዲስ አበባ በሜክሲኮ አደባባይ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይመላለሳል፤ ስሙም ለጌጥ ብቻ የወጣ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ ግፉን በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውማለች፤ ወረራውንም ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ኾናለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ያችን አገር ጐብኝተዋል። በሜክሲኮ ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ ይገኛል። በዚያው አደባባይ ሥር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም ኢትዮጵያ ተብሎ ይጠራል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ወደ ዋሃካ ከመነሣታችን አስቀድሞ በዚህ ጣቢያ ወርደን ምልክቱን ባየን ጊዜ፣ ከሩቅ አገር የዘመድ ቤት ያገኘን ያህል ደስ አለን።

ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍ ብላ የተሠራች ስለ ኾነች፣ አየርዋ የአዲስ አበባን ደጋ ያስታውሳል። ከዚያ ተነሥቶ በፑኤብላ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ሲኖረው፣ በአውቶቡስ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ ቴዋካን በተባለው ደረቅ ሸለቆ ሲያልፍ፣ ከግራና ከቀኝ እንደ ዐምድ ቀጥ ብለው የቆሙ የቁልቋል ዱሮች ይታያሉ። የእኛ አገር ቁልቋል ከእነርሱ ጋራ በመልክ እንጂ በዘር አይገናኝም። በትግራይ ተራሮች ላይ የምናውቀው በለስ ግን ከዚሁ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ የእነርሱ የሥጋ ዘመድ ነው። ገመድ የምንፈትልበት ቃጫም እንዲሁ የዚያ አገር ተወላጅ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚያ ሸለቆ ሲያልፍ፣ ባዕድ በመሰለው ምድር ላይ የታወቁ ፊቶችን ማየቱ አይቀርም።

የዋሃካ ከተማ 1,550 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መካከል በተዘረጋ ወይና ደጋ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። አሮጌዎቹ ሕንጻዎችዋ አረንጓዴ ከሚመስል ድንጋይ የታነጹ ናቸው። ከከተማዪቱ በላይ ባለው ተራራ ራስ ላይ፣ ሳፖቴክ የተባለው ሕዝብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ የቈረቈራት የሞንቴ አልባን ከተማ ፍርስራሽ ይታያል። የዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ሁለቱን በአንድነት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፏቸዋል። በዚያው ሸለቆ ምሥራቅ ባሉት ዋሻዎች ውስጥም፣ ሊቃውንት የ10 ሺሕ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው በሰው እጅ የተዘራ የዱባ ፍሬ አግኝተዋል። ከዚህ የተነሣ ዋሃካ የእርሻ ጥበብ ከተጀመረባቸው የዓለም ስፍራዎች አንዷ ናት ቢባል ማጋነን አይኾንም።

የከተማው ሰው ሕይወት በገበያው ይታወቃል። በከተማዪቱ መካከል ኖቬምበር 20 የሚባል ገበያ አለ። ስሙም የሜክሲኮ አብዮት በ1910 የተጀመረበትን ቀን የሚያስታውስ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ የጢስ መተላለፊያ የሚል ስም የወጣለት ረዥም አዳራሽ ይገኛል። በግራና በቀኝ የከሰል ምድጃዎች ተደርድረው፣ ገዢው የመረጠውን ሥጋ አስመዝኖ፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ጨምሮ እዚያው ያስጠብሳል። ጢሱ ጣሪያውን ሞልቶ ወደ ልብስ ይገባል። ወደዚያ የገባ ሰው ማታ ኮቱን ሲያወልቅ እንኳ ገበያውን ይዞት እንደ መጣ ያውቃል። በአጠገቡ ባሉት መደቦች ሴቶቹ የበቆሎ ቂጣ በሸክላ ምጣድ ላይ ይጋግራሉ። ምጣዳቸውን ኮማል ይሉታል፤ መልኩም ሥራውም ከእኛው ምጣድ ብዙ አይለይም። በቆሎውንም የሚፈጩት በጕልበታቸው ተንበርክከው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ነበረ፤ ዛሬ በብዙ ቤት መኪና ቢተካውም፣ ለበዓል ግን ወፍጮና መጁ አልተጣለም።

በበርበሬው መደብ ፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ያለ በርበሬ የሚቀርብ ወጥ አልጫ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ከእኛ ጋራ የኖረም ይመስለናል። ዳሩ ግን የበርበሬ ተክል በመጀመሪያ በሰው እጅ የለመደው በሜክሲኮ ምድር ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ እስያንና አፍሪካን አዳርሶ፣ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ፣ እነሆ ከቤተኛ በላይ ቤተኛ ኾነ። በዋሃካ ገበያ ላይ በርበሬ በመልክና በስም ብዙ ዐይነት ነው። ከሁሉም ለጉዳያችን የሚያስፈልገን በጢስ የደረቀው ነው። ቺፖትሌ የተባለው ቀይ ኾኖ የበሰለ በርበሬ በእንጨት ጢስ ላይ ደርቆ የሚሠራ ሲኾን፣ ስሙም በጥንቱ የናዋትል ቋንቋ በርበሬና ጢስ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ሚኼ በተባሉት ሕዝቦች ተራራ የሚበቅለውና እንዲሁ በጢስ የሚደርቀው ፓሲያ ደግሞ የዋሃካ መኩሪያ ነው።

አሁን ወደ ሜስካሉ እንመለስ። ስሙ በናዋትል ቋንቋ የበሰለ አጋቬ ማለት ነው። አጋቬ የቃጫ ወገን ኾኖ፣ ቅጠሉ ወፍራምና እሾኻም፣ ጫፉም እንደ ጦር የሾለ ተክል ነው። ከዋሃካ ከተማ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳንቲያጎ ማታትላን የዓለም የሜስካል ርእሰ ከተማ ነኝ ብላ በመግቢያዋ ላይ ጽፋለች። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ የአጋቬ ማሳዎች እንደ ተሰለፈ ሠራዊት ተደርድረው ይታያሉ። አረቄ ማውጫ ቤቶቹም ፓሌንኬ ይባላሉ፤ ብዙዎቹ ከዳስ የማይበልጡ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረሱ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተክሉ ሲደርስ ቅጠሎቹ በቆንጨራ ይመለመላሉ። የሚቀረው ልቡ የአናናስ መልክ ስላለው ያንኑ ስም አውጥተውለታል፤ ብዙውን ጊዜም 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከዚያ በኋላ በመሬት ውስጥ በተቈፈረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ እንጨት ነድዶ፣ በላዩ የተከመረው ድንጋይ እስኪግል ድረስ ይጠበቃል። የአጋቬው ልብ እየተፈለጠ በድንጋዩ ላይ ይከመራል፤ በሰሌንና በአፈርም ተከድኖ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በታፈነ እሳት ይበስላል። ሜስካል ጢሱን የሚወርሰው በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያለዚያ ግን ጢስ በኋላ በመጠጡ ላይ የሚጨመር ቅመም አይደለም። ወንድሙ ተኪላ ጢስ የሌለበትም ስለዚህ ነው፤ የእርሱ አጋቬ የሚበስለው በእንፋሎት ነውና።

የበሰለው አጋቬ ፈረስ ወይም በቅሎ በሚያዞረው ትልቅ የድንጋይ ጐማ ይደቀቃል። ከውሃ ጋራ በእንጨት በርሜል ተደፍድፎም ጥቂት ቀናት ይፈላል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ባለሙያ ሴት ብትገኝ ማንም ሳያስረዳት ትረዳው ነበር፤ ድፍድፍ በየትም አገር ድፍድፍ ነውና። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ እየነጠረ ይወጣል። የሚበዙት በመዳብ ዕቃ ያወጡታል። ሳንታ ካታሪና ሚናስ በተባለችው መንደር ግን እስከ ዛሬ የሚወጣው በሸክላ ማሰሮ ኾኖ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በሸምበቆ ቱቦ ይንቈረቈራል። በሸክላና በሸምበቆ አረቄ ሲወጣ በገጠር ያየ ኢትዮጵያዊ፣ ይህን ሲመለከት ከመገረም አይቈጠብም። አውጪው ጥንካሬውን የሚለካው በመሣሪያ ሳይኾን በዐይኑ ነው። በሸምበቆ ስቦ ወደ ቅል ሲያንቈረቍረው በላዩ የሚነሣው አረፋ እንደ ዶቃ ተሰካክቶ ከቈየ መልካም ነው፤ ቶሎ ከጠፋ ግን ገና ነው ወይም አልፎበታል ይባላል።

ሕጉን ለማወቅ ለሚሻ፣ የሜክሲኮ መንግሥት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ሜስካል የሚለውን ስም በተወሰኑ ክፍላተ ግዛት ለሚሠራው መጠጥ ብቻ አጽንቶታል። በ2016 በወጣው ደንብ ደግሞ በሦስት ማዕርግ ተከፍሏል፤ ይኸውም እንዲሁ ሜስካል የሚባለው፣ በእጅ ጥበብ የሚሠራውና፣ በሸክላ የሚወጣው የአበው ሥራ የተባለው ነው። የአልኮሉም መጠን ከ100 እጅ ከ35 እስከ 55 እንዲኾን ተወስኗል። የአገሩ ሰው በቅል ወይም በቤተ ክርስቲያን የጧፍ ማብሪያ ይኾን በነበረ ትንሽ ብርጭቆ ይጠጣዋል። ሲጠጣም ይስመዋል እንጂ አይጨልጠውም ይባላል።

ከላይ የሚያስጠይቅ ጉዳይ አለበት ያልነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አጋቬ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ ተክል ነው። የኖረበትን ዘመን ሁሉ ያጠራቀመውን ማር ወደ አንድ ረዥም የአበባ ግንድ ልኮ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሜስካል የሚወጣው ግን ያ ማር ወደ አበባው ከመሄዱ በፊት ስለ ኾነ፣ ገበሬው ግንዱን ገና ብቅ ሲል ይቈርጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርሙስ ሳያብብ የቀረ ተክል ነው። በማሳ የሚተከለው ኤስፓዲን የተባለው ዐይነት ከሥሩ ቡቃያ ስለሚያወጣ፣ በስድስትና በስምንት ዓመት ስለሚደርስም ሊተካ ይችላል። ቶባላ የተባለው የዱር አጋቬ ግን በዘር ብቻ የሚራባ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚፈልግ ነው። ቴፔስታቴ የሚሉት ደግሞ እስከ 25 ዓመት ይቈያል። ይህን ከገደል ላይ የሚነቅል ሰው በአንድ ቀን የሩብ ምዕት ዓመት ሥራ ወሰደ ማለት ነው።

ቀድሞ መንደሩ ለራሱ በዓልና ለሰርጉ ብቻ ያወጣ በነበረ ጊዜ ተራራው ይህን ይችለው ነበር። አሁን ግን ዘመኑ ተለወጠ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 በሕግ የተመዘገበው ሜስካል 1 ሚሊዮን ሊትር ያህል ብቻ ነበር፤ በ2022 ከ14 ሚሊዮን ሊትር በላይ ኾነ፤ አብዛኛውም በዋሃካ የተሠራ ነው። ይህ ገንዘብ በድህነት ለኖሩ መንደሮች ያመጣው በረከት አይካድም። ወደ ሰሜን አሜሪካ ለሥራ ይሰደዱ ከነበሩት ልጆች አንዳንዶቹ ከአባታቸው ጋራ ጉድጓዱን መቈፈር ይዘዋል። በዚያው መጠን ግን ኮረብታው ለማሳ ይመነጠራል፤ የጉድጓዱ እሳትም የሚነድደው ከዱር በሚቈረጥ እንጨት ነው። ከመንጠሩ በኋላ የሚቀረው ትኩስና ኮምጣጣ አተላ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ዓሣውንና ውሃውን ያበላሻል። ዋጋ ሲወደድ ያልደረሰውን አጋቬ የሚቈርጡም ይገኛሉ።

አበባውን የሚጠብቅ ሌላ ፍጥረትም አለ፤ ይኸውም በሌሊት እየበረረ የአጋቬን ማር የሚቀስመው ረዥም አፍንጫ ያለው የሌሊት ወፍ ነው። የአጋቬ አበባ በሌሊት የሚከፈተው ለእርሱ ነው፤ እርሱም ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል። አበባ ሲጠፋ የሌሊት ወፉ ይራባል፤ የሌሊት ወፉ ሲጠፋ ደግሞ አጋቬው ከእናቱ በማይለይ ቡቃያ ብቻ እየተተካ ስለሚሄድ፣ አንድ በሽታ ቢገባበት ሁሉንም በአንድነት ሊወስደው ይችላል። ይህን ያዩ የሜክሲኮ ሊቃውንት ገበሬዎቹን መክረው፣ ከ100 ተክል አምስቱ ለአበባ እንዲተው የሚያዝ ደንብ አውጥተዋል፤ ይህን የፈጸመ አረቄ አውጪም በጠርሙሱ ላይ የሌሊት ወፍ ምልክት እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። የአተላውን ጉዳይ በሚመለከት ከቃጫው ገለባ ጋራ እያቦኩ የጭቃ ጡብ የሚሠሩ መንደሮች ታይተዋል። እኛም በአንዱ ፓሌንኬ አጥር አጠገብ እንዲህ ያለውን ጡብ በፀሓይ ተደርድሮ አይተናል።

ሜስካል የሚገዛ ሰው እንግዲህ የጠርሙሱን ጽሕፈት አንብቦ ይግዛ። በላዩ 100 እጅ አጋቬ የሚል፣ የአጋቬው ዐይነት፣ የመንደሩና የአውጪው ስም ሊገኝ ይገባል። ለቅልቅል መጠጥ የሚመረጠው በማሳ የበቀለው ኤስፓዲን ነው። የዱሩን ቶባላ ከአናናስ ጭማቂ ጋራ መደባለቅ በገንዘብም በተክሉም ላይ ማባከን ነው። እርሱ ለብቻው፣ በትንሽ በትንሹ፣ በአክብሮት የሚጠጣ ነው። ጽሕፈት የሌለበትን፣ ማን እንዳወጣው የማይታወቀውን አረቄ ግን ለእንግዳ ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም። አውጪው የመጀመሪያውን ፍሳሽ በጥንቃቄ ያልለየ እንደ ኾነ፣ ወይም ነጋዴ ባዕድ ነገር የጨመረበት እንደ ኾነ፣ ዐይንንና ሕይወትን የሚያጠፋ መርዝ ሊገኝበት ይችላልና።

በመጠጡ ውስጥ ከሜስካል ጋራ የሚገናኙት ፍራፍሬዎችም ታሪክ አላቸው። አናናስ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ፣ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ሜክሲኮ የደረሰ ነው። ዛሬም በዋሃካ ሰሜን ቆላ፣ በሎማ ቦኒታና በቱስቴፔክ ዙሪያ በብዛት ይመረታል። ማንጎ የእስያ ተወላጅ ሲኾን፣ ከ1565 እስከ 1815 ድረስ በማኒላና በአካፑልኮ መካከል ይመላለሱ የነበሩት የስፔን መርከቦች ካመጧቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ እስከ ዛሬም አንዱ ዐይነት ማኒላ ይባላል። ሎሚውም ከእስያ በስፔኖች እጅ የገባ ነው። በነገራችን ላይ የሜክሲኮ ሰው በሁሉ ነገር ላይ የሚጨምቀው ትንሹ አረንጓዴ ፍሬ፣ በእኛ ገበያ ሎሚ የምንለው ያው ነው። ስለዚህ ይህን መጠጥ በአዲስ አበባ ለማዘጋጀት የሚያስቸግረው ሜስካሉን ማግኘት ብቻ ነው።

አሁን አሠራሩን ለስድስት እንግዳ በሚበቃ መጠን እንገልጣለን። አንድ የበሰለ መካከለኛ አናናስ ይላጥና ጠንካራው ልቡ ይወጣለታል፤ የአንድ ጣት ስፋት ባለው ውፍረትም ይከተፋል። ከሰል ተያይዞ ነበልባሉ ካለፈና ዐመድ ከለበሰ በኋላ፣ ቍራጩ በብረት ፍርግርግ ላይ ተደርጎ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይጠበሳል። ጠርዙ ሊጠቍር፣ መካከሉ ግን ወርቅማ ኾኖ ሊቀር ይገባል። እሳቱ የፍሬውን ስኳር ስለሚያቃጥለው፣ ጣፋጩ ጥቂት መራራነት ጨምሮ የሜስካሉን ጢስ የሚቀበል ይኾናል። ሳይጠበስ የቀረ አናናስ ግን ከሜስካሉ ጋራ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ተለያይተው ይቀመጣሉ።

አናናሱ ሲቀዘቅዝ ከአንድ የበሰለ ማንጎና ከአንድ ስኒ ውሃ ጋራ በመፍጫ መኪና ይፈጫል፤ በወንፊትም ይጠለላል። የሚፈለገው 540 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ማንጎው የሚገባው ለጣዕሙ ብቻ ሳይኾን መጠጡ ወፈር ብሎ ምላስን እንዲያለሰልስ ነው። በጭማቂው ላይ በሁለት ጣት የምትያዝ ጨው ይጨመርበታል። ጨው ምሬትን ስለሚያደበዝዝ ፍሬው ይበልጥ ጣፋጭ ኾኖ ይታያል እንጂ ጨውነቱ አይታወቅም። ከስምንት ያህል ሎሚ 150 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ይወጣል። በዋሃካ ለማጣፈጫ የአጋቬ ሽሮፕ ይጠቀማሉ፤ በቤታችን ግን ሦስት ማንኪያ ማር በዚያው መጠን በሞቀ ውሃ ቢቀጥን ከእርሱ አያንስም።

የቃሪያው ነገር ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ቃሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ፍሬውና ፍሬው የተያያዘበት ነጩ ጅማት ይወጣለታል፤ የማቃጠሉ ኀይል በይበልጥ ያለው በዚህ ጅማት ውስጥ ነውና። ከዚያም በ270 ሚሊ ሊትር ሜስካል ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ውስጥ ግን ፈጥኖ ይሟሟል። ስለዚህ በአምስተኛው ደቂቃ ቀምሶ ማየት፣ በ10ኛው ማውጣት ይገባል። ረስቶ የሚያሳድር ሰው ግን በማግሥቱ ለእንግዳ ሳይኾን ለበሽታ መድኀኒት የሚኾን ነገር ያገኛል።

ብርጭቆዎቹን ለማሰናዳት ሁለት ማንኪያ ጨውና አንድ ማንኪያ በጢስ የደረቀ በርበሬ በሙቀጫ ተወቅጠው በሰሐን ላይ ይነጠፋሉ። ቺፖትሌ ካልተገኘ ዛላ በርበሬ በከሰል ጢስ ላይ ጥቂት ታጥኖ ቢደቅ ይበቃል። የዋሃካ ሰዎች በአጋቬ ውስጥ የሚገኝ ቀይ ትል አድርቀው ከዚህ ጨው ጋራ ይወቅጣሉ፤ እኛ ግን ይህን ለአንባቢ ምርጫ እንተወዋለን። የብርጭቆው አፍ በሎሚ ልጣጭ ከተጠረገ በኋላ ግማሹ ብቻ በጨውና በርበሬው ላይ ይነከራል። ግማሹ ብቻ የሚነከረውም እንግዳው በሚወደው በኩል እንዲጠጣ ነው። ባለቤት እንግዳውን ማስገደድ የለበትምና።

በመጨረሻም ለአንድ ብርጭቆ 45 ሚሊ ሊትር ሜስካል፣ 90 ሚሊ ሊትር የአናናስና የማንጎ ጭማቂ፣ 25 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 15 ሚሊ ሊትር የቀጠነ ማር ክዳን ባለው ዕቃ ከበረዶ ጋራ ይገባል። ዕቃው በውጭ በኩል ጤዛ እስኪለብስ ድረስ 15 ሰከንድ ያህል ይናጣል። የሚቀልጠው በረዶ የመጠጡ አንድ ክፍል ነው፤ ጥንካሬውን ያበርዳል፣ ጣዕሙንም ይገልጣል። ከዚያ አዲስ በረዶ ወዳለበት ብርጭቆ ተጠልሎ፣ አንድ የተጠበሰ የአናናስ ቍራጭ በአፉ ላይ ተሰክቶ ይቀርባል። መጀመሪያ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ጢሱ ነው፤ ቀጥሎ ፍሬው፣ በመጨረሻም በጉሮሮ ላይ በርበሬው ይሰማል። ይህ ተራ የተገለበጠ እንደ ኾነ ቃሪያው በዝቷል ማለት ነው።

በማእድ ዙሪያ አልኮል የማይጠጣ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ልጆችም ይኖራሉ። በዋሃካ ገበያ ሴቶች ከበቆሎ፣ ከካካዎና ከማሜይ ፍሬ አስኳል ሠርተው፣ በተሥዕለ ቅል የሚያቀርቡት ቴኻቴ የተባለ የሚያረካ መጠጥ አለ፤ በእርሱም ማንም አያፍርም። ለእኛም መጠጥ እንዲሁ ያለ ሜስካል የሚሠራበት መንገድ አለ። አናናሱ ከሰሉ ላይ ጥቂት ይበልጥ ይቈያል፤ ቃሪያውም በሞቀው የማር ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ጭማቂው የሚገባበት ማሰሮ ደግሞ እናቶቻችን የወተት ዕቃ እንደሚያጥኑ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ይህ የመጨረሻው ከዋሃካ የተማርነው ሳይኾን ከጓዳችን የጨመርነው ነው። ጢስን በመጠጥ ውስጥ መውደድ ለእኛ ከሜክሲኮ የመጣ ትምህርት አይደለምና።

በዋሃካ ለክፉውም ነገር ሜስካል፣ ለበጎውም እንዲሁ የሚል አባባል አለ። ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው፣ ከመጠጣታቸው በፊት ጥቂት ጠብታ ለመሬት ሲያፈሱ አይተናል። አስተዋይ ባለቤትም ከአንድ ወይም ከሁለት ብርጭቆ በላይ አትቀዳም፤ ጣፋጩ አልኮሉን ስለሚሸፍነው ጠጪው ልኩን ሳያውቅ ያልፋልና። ሰባት ዓመት የቆመ ተክል፣ አምስት ቀን በጉድጓድ የታፈነ እሳት፣ ከሦስት ክፍላተ ዓለም የተሰበሰበ ፍሬ ያለበት ብርጭቆ ተቻኵሎ የሚጠጣ አይደለም። ጠርሙሱን የሚመርጥ ሰውም ከ20 አጋቬ አንዱን ለአበባና ለሌሊት ወፍ የተወውን ገበሬ ይምረጥ። ያ አንዱ ተክል በኮረብታው ላይ አብቦ ዘሩን ሲበትን፣ ገና ላልተወለደ እንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ተዘራ ማለት ነው።